ያገለገለ አይሱዙ ከተገዛ በኋላ ምን ይበላል?

ሰላም ወንድሜ። «ያገለገለ ኤን ፒ አር አይሱዙ የጭነት መኪና ልገዛ ነው፤ ከመግዣው ሌላ ስንት ልያዝ?» ብለሃል። ሥራው ውስጥ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርህ።

ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያሰላው ናፍጣን ነው። ናፍጣ ግን አያታልልም። ሙሉ ጭነት ይዞ በሊትር ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለህ ያዝ። ሲጨምርም የሚጨምረው ለሁሉም ስለሆነ የጭነት ዋጋው ቀስ ብሎም ቢሆን ይከተለዋል። ኪስ የሚያራቁተው የቀድሞው ባለቤት እያየ ያለፈው ጥገና ነው። ብዙ መኪና ለሽያጭ የሚወጣው ጎማው ሲያልቅ፣ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው) መንሸራተት ሲጀምር፣ ሞተሩም ዘይት ሲበላ ነው። ያን ሁሉ የምትረከበው አንተ ነህ።

ጎማውን ብቻ እንይ። ኤን ፒ አር 6 ጎማ አለው፤ ከትርፉ ጋር 7። ከኋላ ከተጣመሩት አንዱ ካለቀ ሸክሙ ጓደኛው ላይ ስለሚወድቅ መቀየር ያለብህ ጥንዱን ነው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ የጎማም የመለዋወጫም ዋጋ ሌላ ሆኗል። ስለዚህ በወሬ አትመን፤ አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ራስህ ሄደህ ጠይቅ።

ሞተር ከወረደ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ብሮንዚና (የሞተር ኩሽኔታ)፣ ጉዋርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የቶርኖ ቤት (ብረት የሚያስተካክሉበት)፣ የመካኒክ... ይቆለላል። ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓ ለብቻው ነው። የባሰው ግን መኪናው ጋራዥ ሲቆም ገቢው ዜሮ መሆኑ ነው። የባንክ ወለድ፣ የሹፌር ደመወዝና ኢንሹራንስ ግን አይቆሙም። «በወር ይህን ያህል ያስገባል» የሚልህ ደላላ የቆመበትን ቀን አይቆጥርም።

መንገዱም ይለያያል። ጎጃም መስመር የምትሠራ ከሆነ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ቁልቁለት የፍሬን ሸራ ይፈጃል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ካልወረደና የጭስ ፍሬኑን (የሞተሩን ጭስ አፍኖ መኪናውን የሚያዘገየውን) ካልተጠቀመ ሸራው የሚይዘው ታምቡር ራሱ ይሰነጠቃል። ኮረኮንች ላይ የሚሠራ ደግሞ ባሌስትራ (ሸክሙን የሚችለውን የብረት ሞላ) መቀየር ይለምዳል። አቧራ ካለ የአየር ፊልትሮ በየጊዜው ይራገፍ፤ የሞተር ዘይት በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር። እዚህ ላይ የሚቆጥብ ሰው አይገባኝም።

ለማየት ስትሄድ ማለዳ ሂድ፤ ሞተሩ ሳይነሳ ማለት ነው። ካቢኑን አስነስተህ ሞተሩን ንካው። ሞቆ ከጠበቀህ ጠርጥር። ይነሳና የዘይት መሙያ ክዳኑ ይከፈት፤ ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ፋሻው አልቋል። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ካየህ ዘይት እየነደደ ነው። ራዲያተሩን ግን ቀዝቃዛ እያለ ክፈት። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) አስመርምር። መካኒክ ይዘህ ሂድ፤ ሻጩ ያመጣውን ሳይሆን የራስህን።

ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ የባንክ እገዳ እንዳለና እንደሌለ አጣራ። ያልተከፈለ ቅጣትም ጠይቅ። ራስህ ካልነዳህ የናፍጣውን ነገር ተከታተል። በቴሌብር ከራስህ ስልክ ከከፈልክ ስንት እንደተሞላ ታያለህ፤ ከሄደው ኪሎ ሜትር ጋር አስተያየው። እኔ በየሳምንቱ ነው የማየው፣ ሹፌሩም ያውቃል።

የምትይዘውን ገንዘብ በተመለከተ፦ የ6 ጎማ፣ የፍሪሲዮንና የአንድ ሞተር እድሳት ዋጋ ደምር። ያን ያህል በእጅህ ሳይቀር ያለህን ሁሉ መግዣው ላይ አታድርግ። ካልበቃህ ዓመተ ምሕረቱ የቆየ፣ ሞተሩ ግን ጤነኛ የሆነውን ፈልግ።