ሮዝ ዊጉ ያበላሸው ሳቅ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሳይኪ ኩሱኦን ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ሳነብ ብቻዬን እንደ እብድ ስስቅ ነበር። በእውነተኛ ተዋንያን የተሠራውን (ላይቭ አክሽን) ፊልሙን ሳይ ግን ግማሹ ላይ እንኳን ፈገግ አላልኩም። ቀልዱ ያው ነው፤ ተዋንያኑም ጎበዞች ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው የእነሱ?
የአሥረኛ ክፍል ተማሪ

መልስ፦ ልጄ፣ ያንቺስ አይደለም። እኔም ፊልሙን ሁለቴ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛውን ማንጋውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ የሹኢቺ አሶ ማንጋ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2018 በሳምንታዊው የጃፓን መጽሔት ሾነን ጃምፕ ወጥቷል። ኩሱኦ የሰው ሐሳብ የሚሰማ፣ በግድግዳ አሻግሮ የሚያይ ልጅ ነው። ምኞቱ ግን ማንም ሳይነቃበት ተምሮ፣ የሚወደውን ጣፋጭ፣ የቡና ጄሊውን በልቶ ማደር ብቻ ነው። በ2017 ዩኢቺ ፉኩዳ ወደ ፊልም ሲያመጣው ኬንቶ ያማዛኪ ኩሱኦን ሆነ፤ ታሪኩም የትምህርት ቤቱ የባህል ፌስቲቫል ላይ ያጠነጥናል።

እንግዲህ ወደ ፀጉሩ ልምጣ። ማንጋው አብዛኛው ገጹ ጥቁርና ነጭ ነው። ፀጉሩ ሮዝ መሆኑን ሽፋኑ ላይ ታዪና ከዚያ ትረሺዋለሽ። ኃይሉን የሚገድቡለት፣ ራሱ ላይ የተሰኩት አንቴና መሳይ ነገሮችም በብዕር ሲሣሉ ሁለት ክብ ናቸው፤ አለቀ። ፊልሙ ላይ ግን ዊግ ዊግ ነው። ብርሃን ያርፍበታል፣ ግንባሩ ጋ ያለው ጠርዝ ይታያል፤ ዓይንሽ ቀልዱን ትቶ እሱን ይመረምራል። ማንጋው ለዚህ ቆንጆ መላ ነበረው፦ እንግዳ የፀጉር ቀለም ለሰው ሁሉ የተለመደ እንዲመስል ያደረገው ራሱ ኩሱኦ በኃይሉ ነው። እኛን ግን ማን ያደንዝዘን?

ሌላው ጊዜው ነው። ኮኮሚ ቴሩሃሺ የምትባለዋ ቆንጆ ስታልፍ ያያት ሁሉ ሳያስበው «ኦፉ» ይላል። ገጽ ላይ ይቺ ትንሽ ጽሑፍ ናት፤ ላፍ አድርገሽ ታልፊያለሽ፣ ካሻሽ ትመለሻለሽ። ፍጥነቱ ያንቺ ነው። ፊልም ላይ ግን አንድ ሰው አፉን ከፍቶ «ኦፉ» ማለት አለበት፤ አንቺም እስኪጨርስ መጠበቅ። ሦስተኛው ላይ ሰለቸኝ። (ኮኮሚን የሆነችው ካና ሃሺሞቶ ግን ትለያለች። ፊቷ የመልአክ፣ በድምፅ የምንሰማው ሐሳቧ ደግሞ ትዕቢት በትዕቢት! እሷን ባየሁ ቁጥር ስቄያለሁ።)

ፊልሙ የሚሠራው ዝም ሲል ነው። በማንጋው ኩሱኦ አፉን ከፍቶ አይናገርም ማለት ይቻላል፤ የሚያወራው በሐሳብ ነው። ፉኩዳ ይህን አልነካበትም። ዙሪያው ሁሉ ይጯጯሃል፣ ፊት በማጣመም የሚያስቁ የሚመስላቸው ይንጫጫሉ፤ ያማዛኪ መሀል ቆሞ ቅንድቡ እንኳ አይነቃነቅም፣ የምንሰማው የተሰላቸ የውስጥ ድምፁን ብቻ። ሁለተኛው ጊዜ የሳቅኩት በዚህ ነው። አንቺም ድገሚውና ጯሂዎቹን ትተሽ የእሱን ፊት ብቻ ተከተዪ። ዊጉ ካስቸገረሽ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ።