«የትኛው ቦርድ?» ብላችሁ ጠይቁ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሒሳብ ሥራ ላይ ነው። «ሳታነብ አትፈርም» እያልኩ ስንቱን ጀማሪ አስለቅሻለሁ። የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

አንድ የማውቀው ልጅ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመና «ጋሼ፣ ሐሳብ ብቻ ይስጡን፣ አማካሪ ይሁኑልን» አለኝ። እሺ አልኩ። በሦስት ወር አንዴ ቡና እየጠጣን እናወራለን። መጨረሻ ላይ ወረቀት ይዞራል፣ እፈርማለሁ። ለመገኘቴ ምልክት መስሎኝ።

አንድ ቀን የውጭ ኦዲተሩ ደወለ። «መኪናው ያለ ጨረታ እንዲገዛ ያጸደቃችሁት ለምንድን ነው?» ወረቀቱን አስመጥቼ አየሁት። አናቱ ላይ «የሥራ አመራር ቦርድ ቃለ ጉባኤ» ይላል። ተራ ቁጥር 4 ላይ ስሜ፣ ከጎኑ ፊርማዬ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

አማካሪ ቦርድ ያማክራል፣ በቃ። ሥራ አስኪያጁ ምክሩ ካልጣመው «እናመሰግናለን» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ማንም አያስገድደውም። ሥራ አመራር ቦርድ ግን ይወስናል። ሥራ አስኪያጁን ይሾማል፣ ያነሳል፣ በጀት ያጸድቃል። ነገር ሲበላሽም «የት ነበራችሁ?» የሚባለው እሱ ነው።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ፣ በ2013 እስኪተካ ድረስ፣ የአክሲዮን ማኅበር ዳይሬክተሮችን በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደርግ ነበር። አምስት ሆናችሁ ካጠፋችሁ አንዳችሁን ለይቶ ሙሉውን ጉዳት መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው። ማምለጫውም እዚያው ነበር፦ ጥፋት የሌለበት፣ ተቃውሞውን ወዲያው በቃለ ጉባኤ አስመዝግቦ ለኦዲተሮች ያሳወቀ ዳይሬክተር አይጠየቅም። የእኛው የአክሲዮን ማኅበር አልነበረም፤ ሐሳቡን ግን ያኔ ነው የገባኝ። ስብሰባ ላይ አጉረምርሞ መውጣት ተቃውሞ አይባልም። ያልተጻፈ ነገር አልተባለም።

አማካሪነት ዝቅ ያለ ወንበር ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እንደውም መተዳደሪያ ደንቡንና የኦዲት ሪፖርቱን ለማንበብ ጊዜ ከሌላችሁ እሱን ምረጡ። አለቃ ያልሆነ ሰው እውነቱን ፊት ለፊት ቢናገር ሥራ አስኪያጁ አይደነግጥም። የሚያናድደኝ፣ የታዋቂ ሰው ስም ሰብስቦ ብሮሹር ላይ መደርደሩ ነው። እሱ ጌጥ ነው።

ስለዚህ «ቦርዳችን ውስጥ ግቡልን» ሲሏችሁ መተዳደሪያ ደንቡን ጠይቁ። ሥራ አስኪያጁን ማንሳት የሚችለው ማነው? ድምፅ የሚሰጠውስ? ለመንግሥት በቀረበው ፋይል ላይ ስማችሁ በምን ተመዝግቧል? እኔ ይህን ሳልጠይቅ ነው ሁለት ዓመት የተቀመጥኩት።

መኪናውን በተመለከተ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ግዢው ሳላውቅ እንዳለፈ ይጻፍልኝ አልኩ። ልጁ ከፋው። «ጋሼ፣ አያምኑኝም እንዴ?» አለ። «አምንሃለሁ፤ ብቻ ቃለ ጉባኤውን አምጣው፣ ላንብበው» አልኩት። መነጽሬን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ቡናዬ ቀዘቀዘ።