ከፈረሰ ቤት ዕቃ ሽመላ ለመሥራት

«ከፈረሱ ቤቶች የተረፈ ቆርቆሮና ፌሮ አለን። ለሰፈራችን አደባባይ 4 ሜትር የሚረዝም የሽመላ ሐውልት ልንሠራ ነው፤ ከየት እንጀምር?» ብላችኋል።

ከእግሩ። የብዙ ሰው ሐሳብ ላባው ላይ ነው፤ ሽመላን የሚጥለው ግን እግሩ ነው። በሰከንድ 30 ሜትር የሚሮጥ ነፋስ አንዱን ካሬ ሜትር በ55 ኪሎ ያህል ይገፋል። ጎኑ 3 ካሬ ሜትር ቢሆን 165 ኪሎ ማለት ነው፤ ያውም ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ብሎ። ተራ የስካፎልዲንግ ቱቦ ይጎብጣል። ለእያንዳንዱ እግር ባለ 3 ኢንች፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ የሆነ ክብ ብረት ፈልጉ፤ ሳይቀጠል እስከ ሆዱ አጽም ይግባ። ስንጥቅ የሚጀምረው እግርና ሆድ የተበየዱበት ዳር ላይ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ነው። እዚያ ባለ 8 ሚሊ ላሜራ በሦስት ማዕዘን ቆርጣችሁ ደግፉት።

መሠረቱ 1.2 በ1.2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ይሁን፤ ኮንክሪቱ ወደ 2.7 ቶን ይመዝናል። ከኮንክሪቱ የሚወጡትን ብሎኖች ከመሙላታችሁ በፊት በተበሳ ጣውላ ያዟቸው፤ ትንሽ ካዘመሙ ከእግሩ ሥር የሚበየደው ፕሌት (ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት) አይገባም። ሕዝብ የሚያልፍበት ቦታ ስለሆነ አፈሩንም ስሌቱንም መሐንዲስ ይይላችሁ።

ፌሮው ለአጽም ነው። ከአርማታ ተጣሞ የወጣውን መልሳችሁ አታቅኑት፣ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። እንደተጣመመ ለደረቱ ቅስት አውሉት፤ ደግሞም ያምራል።

ቆርቆሮውን አትበይዱት። ስስ ስለሆነ ይበሳል፤ ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ደግሞ ማታ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ላባዎቹን በሪቪት (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በሚጨፈለቅ ሚስማር) እሰሩ፤ እንደ ጣሪያ ክዳን ከጅራት ጀምራችሁ ወደ አንገት፣ የላይኛው የታችኛውን 10 ሳንቲ እየደረበ። ክንፉ ላይ በየረድፉ ሁለት ጣት ክፍተት ተዉ፣ ነፋሱ ይለፍበት። ከክምሩ ውስጥ አሮጌ የአስቤስቶስ ክዳን ካገኛችሁ አትቁረጡት፣ አትስበሩት፤ ለብቻው አስቀምጡት።

ሆዱ ዝቅ ካለበት ቦታ 10 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ፤ ካልሆነ የክረምቱ ዝናብ እዚያው ተጠራቅሞ ከውስጥ ይበላዋል። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ከመቀባታችሁ በፊት የብየዳውን ቅርፊት አራግፉ፤ ቀለም በቅርፊት ላይ አይቆይም። ከ2.5 ሜትር በታች ያለውን የቆርቆሮ ጠርዝ በሙሉ ወደ ውስጥ እጠፉት፤ ልጆች መንካታቸው አይቀርም።