ሶሻሉ ባሕር ዳር አይደርስም

ከጀርመን የሚደውልልኝ ወጣት ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ለዚህች ሥራ ብዬ ሶሻሉን ልተው?» ሶሻል የሚለው መንግሥት ለሥራ አጥ የሚሰጠውን ድጎማ ነው። መጋዘን ውስጥ ካርቶን መደርደር ወይም ሆቴል ማጽዳት አግኝቷል። ክፍያው ሕግ ያስቀመጠው ዝቅተኛው ነው። ቤቱ ቁጭ ቢል ደግሞ መንግሥት ኪራዩን ይከፍልለታል፣ ያሳክመዋል፣ ለቀለቡም ይሰጠዋል። ታዲያ ለምን ብሎ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሳል?

ሰነፍ ነህ ብዬ አልቆጣውም። ሒሳቡን ሠርቶ ነው የሚደውለው፤ ሒሳቡም ውሸት የለበትም።

እስቲ እንየው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው። በ2025 ብቻውን ለሚኖር ሰው ሶሻሉ፣ በወረቀት ስሙ ቡርገርጌልድ፣ በወር 563 ዩሮ ነበር። ኪራይና ማሞቂያው 500 ነው እንበል፤ ሲደመር 1063። በዚያው ዓመት ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.82 ዩሮ ነበር። በሳምንት 40 ሰዓት የሠራ ሰው በወር 2220 ገደማ ብሩቶ፣ ማለትም ሳይቆረጥ፣ ያገኛል። ላጤ ከሆነ ግብሩና መድኑ ተቆርጦ እጁ የሚገባው ቢበዛ 1600 አካባቢ ነው። ልዩነቱ 540 እንኳ አይሞላም። ከዚህ ላይ የ58 ዩሮውን የትራንስፖርት ትኬት ቀንሱ። ሶሻል ላይ ያለ ሰው የማይከፍለውን የሬዲዮና ቴሌቪዥን መዋጮ ቀንሱ። ምሳና የሥራ ጫማም አለ። 450 ከተረፈ ጥሩ ነው። ለ170 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 3 ዩሮ አይደርስም። «ለ3 ዩሮ ወገቤ ይቆረጥ?» ይለኛል። መልስ ያጣሁ ይመስለዋል።

ኪራዩ ውድ ከሆነ ደግሞ ሥራና ድጎማ አብረው ይሄዳሉ፤ ይህን ብዙዎች አያውቁትም። ደመወዙ ካልበቃ ድጎማውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ጆብሴንተሩ፣ የጎደለውን ይሞላል። ከምታገኙት የመጀመሪያው 100 ዩሮ አይነካም፣ ከዚያ በላይ ካለውም የተወሰነ ይተውላችኋል። በወር 1000 ብሩቶ የሚያገኝ ሰው 328 ዩሮው ከሒሳቡ ውጪ ይሆንለታል። ስለዚህ «ወይ ሥራ ወይ ሶሻል» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም።

የልጁ ሒሳብ ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። በወሩ መጨረሻ ኪስ የሚገባውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። በስሙ እየተጻፈ የሚቀመጠውን አይቆጥርም።

እኔ ይህን የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ጀርመን ሆቴል ሳጸዳ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሥጋ ሳሽግ ኖሬ ጡረታ ወጥቼ ተመለስኩ። ጡረታዬ በየወሩ እዚህ ይገባልኛል። በዓመት አንዴ በሕይወት መኖሬን የሚጠይቅ ቅጽ ይልኩልኛል። ሞልቼ፣ ማኅተም አስመትቼ እመልሳለሁ። ቅጹን ተቀብላ የምታስጨርስልኝ ልጅ ሁሌ ትስቅብኛለች። «ጋሼ፣ ዘንድሮም አሉ ልበልላቸው?» «በያቸው» ነው የምላት።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። በ2025 ዓመቱን ሙሉ በዝቅተኛው ክፍያ የሠራ ሰው ሲያረጅ በየወሩ የሚከፈለው 21 ዩሮ ገደማ ጡረታ ያስመዘግባል። አሥር ዓመት ቢሠራ በወር ከ200 ዩሮ በላይ ነው። ጀርመን ውስጥ ይህ የኪራይ ግማሽ እንኳ አይሆንም። ባሕር ዳር ግን ብር በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ባለው ምንዛሪ ከ30 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። የጀማሪ መምህር ደመወዝ እጥፍ ይበልጣል። ድጎማ ላይ ያለ ሰውስ? ከ2011 ጀምሮ ጆብሴንተሩ ለጡረታ መዋጮ አይከፍልለትም። አሥር ዓመት ቢቀመጥ በስሙ አንድ ሳንቲም አይገባም። ሲያረጅ የሚሰጡት የአረጋውያን ድጎማም ከአራት ሳምንት በላይ ከጀርመን ውጪ ከቆየ ይቋረጣል። ጡረታ ተከትሎህ ጣና ዳር ይመጣል፤ ሶሻሉ አይመጣም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር የሚሠራው መመለስ ለሚያስብ ሰው ነው። እዚያው ለሚያረጅ ሰው ትንሿ ጡረታ አብዛኛዋ ከአረጋውያን ድጎማው ላይ ትቀናነሳለች። ደግሞም መብቱ የሚገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት መዋጮ ለከፈለ ነው። ሳይሞላለት ጠቅልሎ አገሩ የገባ ኢትዮጵያዊ ከሁለት ዓመት በኋላ የራሱን ድርሻ ማስመለስ ይችላል፤ አሠሪው የከፈለው ግን እዚያው ይቀራል። አራት ዓመት ከስምንት ወር ሠርቶ የመጣ ሰው አውቃለሁ። አራት ወር! ስሙን አልጠራም፣ ያኮርፈኛል።

የመመለስ ሐሳብ የሌለውም ቢሆን ወረቀት ያስፈልገዋል። ለአብዛኛው ሰው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ 60 ወር የጡረታ መዋጮ ይጠይቃል። ለዜግነት በሰኔ 2024 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የቆይታ ጊዜውን ወደ አምስት ዓመት ዝቅ አድርጎታል፤ ራስን ችሎ መኖርን ግን አጥብቆታል። ሚስቱን ከዚህ ለመውሰድ የሚፈልግ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው የደመወዝ ወረቀት ነው። እዚህ ከተማ ቀለበት አስራ፣ ስልክ ይዛ የምትጠብቅ ስንት ልጅ አለች! እጮኛዋ በሰዓት 3 ዩሮ አይሞላም እያለ ሒሳብ ይሠራል። የእሷን ዓመት ማን ይቆጥርላት?

ሌላም አለ። በ30 ወር ውስጥ 12 ወር መዋጮ እየከፈለ የሠራ ሰው ከሥራ ቢቀነስ ሌላ ዓይነት ክፍያ ያገኛል። ተቆርጦ እጁ ይገባ ከነበረው ደመወዝ 60 በመቶ ነው፤ ልጅ ካለው 67። ባንክ ውስጥ ስንት አለህ፣ ከማን ጋር ትኖራለህ አይባልም።

እንዲህ ስል ያገኛችሁትን ሥራ ሁሉ ያዙ ማለቴ አይደለም። የቋንቋ ኩርስ ላይ ያለ፣ ወይም አውስቢልዱንግ፣ ማለትም የሙያ ሥልጠና፣ ሊጀምር ጥቂት ወር የቀረው ልጅ ለመጋዘን ብሎ ትምህርቱን ቢያቋርጥ እቆጣለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ድጎማ እየበሉ መማር መቀመጥ አይደለም። ቤ-አይንስ (B1) የሚባለው የጀርመንኛ ደረጃ ላይ ያቋረጠ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላም እዚያው ካርቶን ሲደረድር ታገኙታላችሁ። ጀርመንኛው የመጋዘን ጀርመንኛ ነው፤ «አንሳ፣ አምጣ፣ ቶሎ»። ጨርሶ ነርስነት ወይም ኤሌክትሪክ የተማረው ግን ወጥቶ ሄዷል። ስለዚህ እኔ የማስቀምጠው ደረጃ እንዲህ ነው፤ ኩርስ ያለበት ሶሻል ከመጥፎ ሥራ ይሻላል፣ መጥፎ ሥራ ደግሞ ኩርስ ከሌለበት ሶሻል ይሻላል። ኩርሱ አልቆ፣ ፈተናውን አልፋችሁ፣ «የተሻለ እስካገኝ» ብላችሁ ሁለተኛ ክረምት ከገባ ግን ውጡ። የተሻለውን ሥራ ሥራ ላይ ሆኖ መፈለግ ይቀላል።

ባለፈው ለፋሲካ የመጣ አንድ ልጅ ጋር ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ቆረሶ አሳ አዘዝን። ሶሻል ላይ ነው። ጆብሴንተሩን አስፈቅዶ መጥቷል፤ የሚፈቀደው በዓመት ሦስት ሳምንት ነው። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ የእህቱ ሰርግ ስላለ ትንሽ ልቆይ እያለ ሲያስብ ስልኩ ጮኸ። አብሮት የሚኖረው ልጅ የመጣለትን ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ ልኮለታል። በዘይት እጁ ስክሪኑን እያሰፋ አነበበው። ቀጠሮ ነው። ቀኑ ደግሞ ሦስቱ ሳምንት ካለቀ በኋላ፣ ሰርጉ ሊደርስ ሲል። ያኔ በነበረው ደንብ ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ ለአንድ ወር አሥር በመቶ ይቀነስበት ነበር፤ ከተፈቀደለት በላይ ለሚቆይባቸው ቀናትም አይከፈለውም። አሳው ቀዘቀዘ። «ጋሼ፣ በሰርግ ቀን ፈቃድ እንደሚለምን ተማሪ ሆንኩ እኮ» አለኝ። ካርቶን የሚደረድረው ጓደኛው በሳምንት አምስት ቀን ከሠራ በሕግ በዓመት ቢያንስ 20 የሥራ ቀን የሚከፈልበት እረፍት አለው። ባሕር ዳር ምን ትሠራለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። (የጥገኝነት ወረቀት ላይ ያላችሁ ግን ይህን አንብባችሁ ትኬት እንዳትቆርጡ። ወደ አገር መመለስ ወረቀታችሁን አደጋ ላይ ይጥለዋል።)

ሚኒጆብን፣ የወር ክፍያው ጣሪያ ያለውን ትንሽ ሥራ፣ በተመለከተ፦ በ2025 ጣሪያው በወር 556 ዩሮ ነበር። ለመጀመር አይከፋም፤ ለመኖር አይሆንም። የሥራ አጥ መድን የለውም፣ በራሱ የጤና መድንም አይሰጥም። ፎርሙ ላይ ከጡረታ መዋጮ ነፃ ልሁን የምትል ቦታ አለች። በወር 20 ዩሮ ገደማ ለማዳን ብላችሁ እዚያ ላይ ምልክት አታድርጉ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል። በጥቁር፣ ማለትም ሳያስመዘግብ በድብቅ፣ የሚሠራ ደግሞ ጭራሽ አይደውልልኝ። ሲያዝ የወሰደውን ድጎማ ይመልሳል፣ ከዚያ በላይም ይቀጣል፣ ወረቀቱም ይበላሻል።

ልጆች ያሏችሁ ሒሳባችሁ የተለየ ነው። ደመወዙ ትንሽ ሆኖ ከሶሻል የወጣ ቤተሰብ ከልጆች አበል በተጨማሪ ኪንደርዙሽላግ የሚባል የልጅ ጭማሪ ድጎማ አለው፤ በ2025 ለአንድ ልጅ እስከ 297 ዩሮ። የኪራይ ድጎማም አለ። ካላመለከታችሁ ማንም በር አንኳኩቶ አይሰጣችሁም።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እዚህ ስላለው ቤተሰብ ልናገር። ከ563 ዩሮ ላይ 100 እየላከ ራሱ በፓስታ የሚያድር ልጅ ብዙ ነው። እዚህ ያለው ወገን ከ15 ሺህ ብር በላይ ሲመጣ ያያል እንጂ ፓስታውን አያይም። እንዲያውም «እዚያ መንግሥት አስቀምጦ ያበላል አሉ» እየተባለ ልመናው ይጨምራል። የላኪው ታናሽ ወንድም ከቤዛዊት እስከ ሽምብጥ ባጃጅ ሲነዳ ውሎ ማታ ያንን ብር ይጠብቃል። እኔ የምለው፣ ሥራ የጀመራችሁ ዓመት የምትልኩትን አትጨምሩ፤ ቢቻል ቀንሱ። ቅር ይላቸዋል። ለእናታችሁ ግን ራሳችሁ ደውላችሁ ንገሯት፣ በወንድማችሁ በኩል አትስማው። «ዘንድሮ ሥራ ይዣለሁ፣ መዋጮ እየከፈልኩ ነው፣ የሰርጉን ወጪ ለታላቁ ስጡት» በሏት። እናት ካወቀች የቀረው ዘመድ ቀስ እያለ ይለምደዋል።