የሱሉልታ ብርድና ጀርባው ክፍት ቀሚስ

ከሱሉልታ የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «በጥር የአጎቴ ልጅ ሠርግ አለ፤ ራቱ ግቢ ውስጥ በድንኳን ነው። የምለብሰው ጥቁር አረንጓዴ የሳቲን የምሽት ቀሚስ እስከ መሬት ይደርሳል፤ ጀርባው እስከ ወገብ ድረስ ክፍት ነው፣ በግራ በኩል ቅድ አለው፣ ዚፑ በቀኝ ጎን ነው። አምና ለብሼው ሻርፕ ደርቤበት እንኳ ስንቀጠቀጥ አመሸሁ። ትከሻዬን ብዙም አይደለም፤ ወገቤንና ጭኔን ነው የሚበርደኝ፣ ከጨፈርኩ በኋላ ደግሞ ይብስብኛል። ጠቦኝ ስለነበር ሰፊ ጋ ወስጄ ጎኑን አስለቅቄዋለሁ፣ ገበርም አስጨምሬበታለሁ። አሁን ስጨፍር ወደ ታች እየወረደ በየደቂቃው ወደ ላይ እስበዋለሁ። ወፍራም ሻርፕ ልግዛ ወይስ ሌላ መላ አለው?»

እህቴ፣ ሻርፑን ለጊዜው ተይው። ከጻፍሽው ሁሉ ነገሩን የገለጠልኝ «በየደቂቃው ወደ ላይ እስበዋለሁ» ያልሽው ነው። የሚወርድ ቀሚስ ወገብ ላይ አልያዘም ማለት ነው፤ ወገብ ላይ ያልያዘ ጀርባ ክፍት ቀሚስ ደግሞ ከታች የገባውን ብርድ በጀርባ እያሳለፈ ያመሻል። ትከሻሽን ትቶ ወገብና ጭንሽን የሚይዝሽ ለዚህ ነው። ሁለተኛው ጥርጣሬዬ የተጨመረው ገበር ላይ ነው፤ ከጭፈራ በኋላ የሚመጣ ብርድ የላብ ብርድ ነውና።

ወደ መርፌው ከመሄዳችን በፊት ግን ይህን ያዢልኝ፦ ብርዱ ሲጠና ቀሚሱን ለብሰሽ ወደ ከሰል ማንደጃ አትጠጊ። ሳቲን ተብሎ የሚሸጠው የምሽት ቀሚስ አብዛኛው ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር በ250 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፤ የጋመ ከሰል ደግሞ ከ600 ዲግሪ በላይ ነው። ጠርዙ ፍም ከነካ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

አሁን ብርዱ እንዴት እንደሚገባ ልንገርሽ፤ ይህን ከተረዳሽ ቀሪውን ራስሽ ትደርሺበታለሽ። ጋቢን አስቢ። አራት ድርብ ነው። ብርድ የሚያቆመው ጥጡ ብቻውን አይደለም፤ በድርቡ መሃልና በፈትሉ ጸጉር ውስጥ የታሰረው አየር ነው። ካለበት የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን የሚያሳልፈው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ያው ጋቢ ቢርስ ግን የአየሩን ቦታ ውኃ ይይዘዋል፤ ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አብልጦ ያሳልፋል። እርጥብ ጋቢ ለብሶ ማደር እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። በቀሚስሽ ውስጥም አየር አለ፣ እንዲያውም ከጋቢ ይበልጣል፤ ነገር ግን አልታሰረም። ጭስ ማውጫ ያለውን የእንጀራ ምድጃ ልብ ብለሽ አይተሽው ከሆነ፣ አየሩ ከታች በማገዶ መክተቻው ይገባል፣ ሞቆ ይቀልላል፣ በላይ በቱቦው ይወጣል። በወጣው ምትክ ሌላ ቀዝቃዛ አየር ከታች ይሳባል። ቱቦውን ብትደፍኚው ከታች መሳቡም ይቆማል። ያንቺ ቀሚስ ከታች በጠርዙ ዙሪያውን ክፍት ነው፣ ቅዱም አለ፤ ከላይ ጀርባው ክፍት ነው። በሁለቱ መሃል የነበረው ብቸኛ ክዳን ወገቡ ነው፣ እሱም ተለቀቀ። እግርሽ ያሞቀው አየር በወገብሽ ዙሪያ እየሾለከ በጀርባሽ ይወጣል፣ በምትኩ የሣሩ ላይ አየር በጠርዙ ይገባል። ያ አየር ደግሞ ቀላል አይደለም። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ከ2,500 ሜትር በላይ የተንጣለለ ሜዳ ነው፤ በጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከዳገቱ እየወረደ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ውርጭ የሚጥለውም እሱ ነው። ድንኳን ውስጥም ቢሆን ከሁሉ የሚቀዘቅዘው አየር ያለው ቁርጭምጭሚትሽ ጋ ነው፤ ቀሚስሽ የሚስበው ያንን ነው። ሻርፕ ቱቦውን ከላይ ይደፍነዋል ትይኝ ይሆናል። ተጠምጥሞ ቢቆይ ልክ ነሽ፤ ግን እጅሽን ስታነሺ ይከፈታል፣ እስክስታ ስትወርጂ ይወድቃል።

ጥርጣሬዬ ልክ መሆኑን ለማየት ቀሚሱን ለብሰሽ ከሶፍት አንድ ስስ ቁራጭ ቅደጂና የጀርባው መክፈቻ የታችኛው ጠርዝ ላይ ሰው ይያዝልሽ። ቁጭ ብድግ በይ፣ ወዲያ ወዲህ በይ። ሶፍቱ ወደ ላይ ከተርገበገበ ቱቦው እየሠራ ነው።

መድኃኒቱ ወገቡን መልሶ ማጥበብና ከቀሚሱ ውስጥ ወገብ ላይ የሚዘጋ ሪባን ማስገባት ነው። ሰፊው ጎኑን ከብብት እስከ ዳሌ በአንድ መስመር ለቆታል ብዬ እገምታለሁ፤ የጠበበሽ ግን ደረቱ ወይም ዳሌው ይሆናል እንጂ ወገቡ አይመስለኝም። ይህ የችኮላ ሥራ ነው፣ በየቀኑ የሚታይ። ዚፑ ባለበት በቀኝ በኩል አትንኪ። በግራው ጎን ስፌት ወገቡ ላይ ብቻ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያዢ፤ ከዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም በ8 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ እያሳሳሽ ወደ ዜሮ አምጪው። ሳቲን የመርፌ ቀዳዳ አይደብቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ አያይዘሽ ለክተሽ እይው፣ ከዚያ በቁጥር 11 አዲስ መርፌ በመኪና ስፊው። ያረጀ መርፌ ክሩን ይስበዋል፣ የተሳበ ሳቲን ደግሞ በካውያ አይመለስም።

ሪባኑ የማይለጠጥ፣ ጎድጎድ ያለ መስመር ያለው፣ ስፋቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ላስቲክ አይሆንም፤ ሲለጠጥ ክዳኑ ይከፈታል። ስጦታ የሚታሰርበትን አንጸባራቂ ሪባን የሚያስገቡ ሰፊዎች አሉ፤ ራቱ ሳያልቅ ተጠቅልሎ ገመድ ይሆንና ሆድ ይቆርጣል። ደህናው ሪባን ሲጎትቱት አይሰጥም፣ ሲያጥፉት እጥፉን ይይዛል። ወገብሽን ያለ ልብስ ለኪና 2 ሳንቲ ሜትር ቀንሺ፤ ሪባኑ ሲዘጋ ዙሪያው ይህን ያህል ነው መሆን ያለበት። ለማጠፊያ በሁለቱም ጫፍ 4 ሳንቲ ሜትር ጨምረሽ ቁረጪ፣ አጥፊና ሁለት መንጠቆ ከነማያዣው ስፊበት። ቀሚሱን ገልብጠሽ ሪባኑን ከወገቡ ስፌት ጋር አስተካክዪ፤ መክፈቻው ዚፑ ጋ ይዋል። ከዚፑ ግራና ቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር ነጻ ትተሽ፣ ሌላውን ከላይ ወደ ታች በወረዱት የቀሚሱ ስፌቶች ላይ ብቻ፣ የስፌቱን ትርፍ እየያዝሽ፣ በድርብ ክር አራት አምስት ጊዜ ውጊው። ሳቲኑን ከወጋሽ በውጭ ይታያል። ስትለብሺ መንጠቆው ይቅደም፣ ዚፑ ይከተል። እነዚህ ስስ ድብቅ ዚፖች ሸክም አይችሉም፤ ጥርሳቸው የሚከፈተው የወገቡን ጉተታ ብቻቸውን ስለሚሸከሙ ነው። ሪባኑ ሸክሙን ሲወስድላቸው ይኖራሉ። መውረዱም በዚያው ይቀራል።

ገበሩን ደግሞ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጊበት። ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ፖሊስተር መሆኑ አይቀርም። ፖሊስተር ከአየር የሚጠጣው እርጥበት ከክብደቱ 1 በመቶ አይሞላም፤ ጥጥ 8 በመቶ ገደማ፣ ሱፍ ደግሞ 16 በመቶ ገደማ ይይዛል። ላብሽ ስለዚህ ገበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ጭፈራው ሲያበቃ ይቀዘቅዛል። ሲንቀሳቀሱበት እንደ ፌስታል የሚንኮሻኮሸው ርካሽ ገበር ሙቀት ይጨምራል ተብሎ መሸጡ ያሳዝነኛል። ሆኖም አታውጪው። ከቀሚሱ ጠርዝ ጋር ዙሪያውን ተገጥሞ ከሆነ ብቻ ተርትሪው፣ ከውጩ 3 ሳንቲ ሜትር አሳጥረሽ ቀምቅሚና ተንጠልጥሎ ይቅር። ከሥሩ ሱፍ ስለምናስገባ ለማንሸራተት ይጠቅምሻል።

ሱፉን ከሳልባጅ ፈልጊ፦ ቀጭን፣ ጠቆር ያለ፣ ትልቅ ቁጥር የወንድ ሹራብ። ምልክቱ ላይ 100 በመቶ ሱፍ የሚል ይሁን፤ አክሪሊክ ከሆነ መልሺው። በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ እጠቢው፣ ሙቅ ውኃ ያኮማትረዋል። ከብብት በታች ቀጥ አድርገሽ ከመቁረጥሽ በፊት መስመሩን ሁለት ጊዜ በዚግዛግ ስፊው፣ አለዚያ ይተረተራል። የቀረው ቱቦ ዙሪያው ከዳሌሽ 6 ሳንቲ ሜትር ቢበልጥ ይበቃል። ይህ ከገበሩ ሥር የምትለብሺው ጉርድ ነው፤ ወገብሽ ላይ የሚውለውን፣ የተቆረጠውን በኩል 4 ሳንቲ ሜትር አጥፈሽ ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ አስገቢበት። የሹራቡ ጭምቅ ጠርዝ ከጉልበትሽ በላይ ጭንሽን ይዞ ይቀመጣል፤ የምድጃውን የታች በር ዘጋሽ ማለት ነው። እጅጌዎቹን አትጣዪ፤ ከጉልበት በታች እግር ላይ ይጠለቃሉ። ቅዱ ከጉልበት በላይ የሚጀምር ከሆነ እስከ ጉልበት ዝጊው። የጥር አየር ደረቅ ስለሆነ ገበርና ሱፍ ሲፋተጉ ይጣበቃሉ፤ ባትሽን ቅባት ቀቢው።

ለጫማሽ ከዚያው ሹራብ ትራፊ ሁለት ድርብ ሶል ቁረጪ፤ ጫማው ከጠበበ ግን ተይው፣ የታነቀ እግር ይብሱን ይቀዘቅዛል። የፕላስቲክ ወንበር ላይ የታጠፈ ጋቢ አንጥፊ። ሻርፕ የምትፈልጊው ስትቀመጪ ነው፤ ያኔ ያለሽ ይበቃል።

ከሰሉን ደግሜ እነግርሻለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ማንደጃ ጠረጴዛ ሥር ካስቀመጡ ወንበርሽን ቀይሪ። ቀሚስሽ ምን እንደሚሆን ለማየት ከስፌቱ ትርፍ አንድ ክር ምዘዢና በወረንጦ ይዘሽ ማጠቢያው ላይ ክብሪት አስጠጊው፤ ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ያ ጠብታ ነው ቆዳ ላይ የሚቀረው። እሳት ከያዘሽ አትሩጪ፤ መሬት ተኝተሽ ተንከባለዪ ወይም እሳቱን በጋቢ አፍኚው፣ የተቃጠለውን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ አብርጂው፣ የተጣበቀውን ጨርቅ ግን አትንቀዪ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂጂ። የምትለብሱበት ክፍልም በርና መስኮቱ ተዘግቶ ከሰል አይግባበት። ጭሱ ቢያልቅም ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዙ አለ፤ ራስ ምታትና ማዞር ከጀመራችሁ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ።

ከሠርጉ ሳምንት አስቀድመሽ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሁሉንም ለብሰሽ ግቢ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆዪ፤ አሥር ደቂቃውን ጨፍሪ። ሶፍቱን መልሰሽ ሞክሪው። አሁንም ከተርገበገበ ሪባኑን በ1 ሳንቲ ሜትር አጥብቂው፤ መንጠቆውን አስጠግተሽ መስፋት ይበቃል፣ ሌላውን አትንኪ።