መልስ፦ ከሚላን ጄኔቫ ለሚመላለስ ሰው ማደሪያ

ወንድሜ፣ ቤትህ ሚላን ሆኖ ሥራህ ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ስለሆነ በሥራ ቀናት የት ልደር ብለህ ጠይቀሃል። እሁድ ማታ ጄኔቫ ገብተህ ሐሙስ ማታ ወደ ሚላን የምትመለስ ከሆነ ሆቴሉን ተወው፤ ደመወዝህን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ድንበሩን ተሻግረህ አንማስ የምትባል የፈረንሳይ ከተማ እደር። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሌማን ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ከዚያ ጄኔቫ ዋናው ጣቢያ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያደርሳል። ኪራዩም ከጄኔቫ ይቀንሳል።

ሙሉ ቤት ግን አትከራይ። ትርፍ ክፍል ያላቸውን ሰዎች ፈልግና «በሳምንት አራት ሌሊት ብቻ ነው የማድረው፣ ከሐሙስ ማታ እስከ እሁድ ማታ የለሁም» በላቸው። ይህን የሚወዱ አከራዮች አሉ፤ ዋጋ ላይም ተደራደር። ሻንጣህን ትተህ እንድትሄድ ቀድመህ ተስማማ፤ አንሶላና ፎጣ በየሳምንቱ መጎተት ያሰለቻል። ክፍሉን በዓይንህ ሳታይ አምስት ሳንቲም እንዳትልክ፣ አደራ! የመጀመሪያውን ሳምንት ሆስቴል (በጋራ ክፍል አልጋ የሚከራይበት ርካሽ ማደሪያ) እያደርክ፣ ከሥራ በኋላ እየዞርክ እይ።