ብልቃጡን ከማንሳታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ደሴ ውስጥ ተውኔት የምትለማመዱ ልጃገረዶች ብዙዎቻችሁ በሼክስፒር «ሮሜዎና ዡሊዬት» ውስጥ ዡሊዬትን መጫወት ትመኛላችሁ። ምኞታችሁ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ መድኃኒቱን ብቻዋን የምትጠጣበት ገቢር 4፣ ትዕይንት 3 ላይ ስትደርሱ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ታለቅሳላችሁ። የወሎ ልጅ ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ በጆሮው ለይቶ ያድጋል፤ ታዲያ መድረክ ላይ ስለ ምን በአንድ ቅኝት እንቀራለን?

የልጅቷን ሁኔታ አስቡት። ገና 14 ዓመት አልሞላትም። ከሮሜዎ ጋር በድብቅ ተጋብታለች፤ እርሱ የአጎቷን ልጅ ታይባልትን ገድሎ ተሰዷል። ነገ ማለዳ ፓሪስ ለሚባል ባላባት ሊድሯት ነው። ከሠርጉ እንድታመልጥ መነኩሴው የሰጣት መድኃኒት 42 ሰዓት በድን አስመስሎ ያስተኛታል፤ ሞታለች ብለው ሲቀብሯት ሮሜዎ መጥቶ ከመቃብሩ ሊወስዳት ነው።

እናቷና ሞግዚቷ እንደ ወጡ ቀዝቃዛ ፍርሃት በደም ሥሯ ይሮጣል። ሐምሌ ላይ የጦሳ ብርድ ሲመታችሁ ትከሻችሁ የሚሰበሰበውን ያህል ይበቃል፤ እንባ አትጨምሩበት። ከዚያ «ሞግዚት!» ብላ ትጣራለች። እኔ ከመነባንቡ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ጥሪ ነው። ሞግዚቷ የዚያኑ ዕለት «ፓሪስን አግቢ» ብላ መክራታለች፤ ያሳደገቻት ሴት ከእርሷ ጋር አይደለችም። ስለዚህ ጥሪውን እንደ ሕፃን ጀምሩት፤ ስትጨርሱት ግን ማንም እንደማይመጣላችሁ እወቁ። እዚህ ላይ ዝም በሉ። ተመልካቹ ይጠብቃችኋል።

ቀጥሎ ጥያቄዎቹ ይመጣሉ። መድኃኒቱ ባይሠራስ? ጩቤዋን ከጎኗ ታስቀምጣለች፤ ድምፅዋ ደረቅ ነው። መነኩሴው ጋብቻቸውን ስላስፈጸመ ምስጢሩ እንዳይወጣበት መርዝ ሰጥቷት ቢሆንስ? ትጠራጠራለች፤ ቅዱስ ሰው መሆኑን አስባ ጥርጣሬውን ትተወዋለች። እስከዚህ ድረስ ለእያንዳንዱ ፍርሃት መልስ አላት፤ ስለዚህ አትጩኹ።

ሦስተኛው ግን መልስ የለውም። ሮሜዎ ሳይደርስ መቃብር ውስጥ ብትነቃስ? የታፈነው አየር፣ የአያት ቅድመ አያቶቿ አጥንት፣ ገና ትኩስ የሆነው የታይባልት አስከሬን ተራ በተራ ይመጡባታል። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ ትንፋሽ የምትወስዱበትን ቦታ አስቀድማችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

በመጨረሻ የታይባልት መንፈስ ሮሜዎን ሲፈልግ ይታያታል። ብዙ አዘጋጆች «እዚህ ላይ ደፋር ሁኚ» ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ድፍረት አላገኘችም፤ እስካሁን ለራሷ ስትፈራ የነበረችው አሁን ለባሏ ፈራች እንጂ። የምትጠጣው ወደ እርሱ ለመድረስ ነው። ስለዚህ የሮሜዎን ስም እንደ ጠራችሁ ወዲያው ጠጡ፤ ብልቃጡን እያያችሁ ከዘገያችሁ ፍርሃቱ ተመልሶ የራሳችሁ ይሆናል።